«ሥራው ሲያልቅ ትወስዳለህ» ተብሎ የተያዘ ደመወዝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ቀጥሮኝ እዚሁ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ተከላ ላይ አሰማርቶኛል። ክፍያዬ በወር 18,000 ብር ነው። በየወሩ 20 በመቶው «ለማጠናቀቂያ» እየተባለ ይያዝብኛል። 7 ወር ሠርቻለሁ። ውሉ የሚጠራኝ «ኮንትራክተር» ብሎ ነው። «የተያዘው ገንዘብ ደንበኛው ሥራውን ሲረከብ ይከፈላል፤ አቋርጦ የሄደ ግን መጠየቅ አይችልም» የሚል አንቀጽም አለው። አሁን ደሴ የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ። ብወጣ ገንዘቤ ቀረ ማለት ነው? ተመሳሳይ ውል የፈረሙ ጓደኞቼስ አብረውኝ መክሰስ ይችላሉ?

መልስ፦ አብሽሩ ወንድሜ፣ ገንዘቡ አልቀረም። ነገር ግን አወጣጥዎ ላይ ብዙ ነገር ይወሰናል። እባክዎ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ሥራውን ጥለው እንዳይወጡ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በሕግ ዓይን እርስዎ ማን ነዎት የሚለው ነው። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ሥራ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይሸፈንም። እሱ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በአሠሪ አመራር ሥር ሆኖ ለደመወዝ የሚሠራ ግን ሠራተኛ ነው፤ ውሉ «ኮንትራክተር» ቢለውም ያው ነው። ፍርድ ቤት የሚያየው በተግባር ያለውን ግንኙነት ነው። የመግቢያ ሰዓትዎን የሚወስነው ማነው? መሣሪያው የማነው? ቢያምዎት ሌላ ሰው ተክተው መላክ ይችላሉ ወይስ እርስዎ ራስዎ መገኘት አለብዎት?

የላኩልኝን የክፍያ ወረቀት አይቼዋለሁ። ከ«ለማጠናቀቂያ 3,600» በላይ ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ የሥራ ግብር ይላል፤ ሌላው ጡረታ 7 በመቶ። ይህ ወረቀት ወርቅ ነው። ራሱን ችሎ ከሚሠራ ኮንትራክተር ኤጀንሲ ጡረታ አይቆርጥም። 7 በመቶ የሚቆረጠው ከሠራተኛ ነው፤ አሠሪውም ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሠራተኛ መሆንዎን ኤጀንሲው ራሱ በየወሩ ጽፎ ሰጥቶዎታል። የ7ቱንም ወር ወረቀት ቤት ያስቀምጡ፤ ስልክዎ ላይም ፎቶ ያንሱት።

«አሠሪህ ፋብሪካው ነው፣ እኛ አገናኝ ብቻ ነን» ሊሉዎት ይችላሉ። አይደለም። ኤጀንሲው ራሱ የሥራ ውል ፈርሞ ወደ ሌላ ድርጅት ካሰማራዎት አሠሪው እሱ ነው። «ደንበኛው አልከፈለንም» የሚለውም የእርስዎ ዕዳ አይደለም፤ ፋብሪካውና ኤጀንሲው በውላቸው ይተሳሰቡ።

እንግዲህ ወደ ተያዘው ገንዘብ። አዋጁ ከደመወዝ መቀነስን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲኖር ግን ይፈቅዳል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የእርስዎ አንድ ሦስተኛ 6,000 ብር ነው፤ የሚያዝብዎት 3,600። ፈርመዋልም። ስለዚህ «መያዙ ራሱ ሕገወጥ ነው» ብለው ቢነሱ ክርክሩ ቀላል አይሆንልዎትም።

ሌላም አደጋ አለው። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ፣ ማለትም በክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል። መያዣው ገና ከመነሻው ፈራሽ ነበር ካሉ፣ እነሱም «እንግዲያው ገንዘቡ በየወሩ መከፈል ነበረበት፤ የመጀመሪያው ወር ይርጋ አልፎበታል» ይሏችኋል፤ እርስዎንም ሆነ አብረውዎት የሚሠሩትን። እኔ ብሆን መያዣውን ትቼ «አቋርጦ የሄደ መጠየቅ አይችልም» የሚለውን ነው የምመታው። እዚያ ላይ እግራቸው ደካማ ነው።

ለምን ቢሉ፣ የተያዘው 25,200 ብር ላብዎ ነው፤ የተሠራ ሥራ ዋጋ ነው። የሥራ ውል ደግሞ ሕጉ ከሰጠው መብት በታች ሊወርድ አይችልም። ሕጉ ለሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራ የመልቀቅ መብት ሰጥቶታል። ሳያስጠነቅቅ ለወጣም ቅጣቱን ራሱ ለክቶታል፦ ካሳው ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። በሥርዓቱ ቢወጡ ምንም አይጠየቁም፤ በድንገት ቢወጡ እንኳ ከ18,000 ብር በላይ አይጠየቁም። ታዲያ 25,200ውን ጠቅልሎ ለመውሰድ ኤጀንሲው ምን መሠረት አለው? ደግሞም አዋጁ ኤጀንሲ ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። የሠራተኛን ደመወዝ ይዞ ማስቀረት በእኔ እምነት በጓሮ በር የገባ ክፍያ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለው ያስፈርሙ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት። ደሴ ያሉትን አዲስ አሠሪዎን አንድ ወር እንዲታገሱ ይለምኗቸው፤ ይህች ወር ዋጋ አላት። በመጨረሻው ቀን ባጁን፣ የደኅንነት ጫማውን፣ መሣሪያውን ሁሉ በመረካከቢያ ቅጽ ያስረክቡ። ዕቃ ካላስረከቡ ክፍያውን የማዘግየት ሰበብ ያገኛሉ።

ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሁሉም ክፍያ መጠናቀቅ አለበት። በሂሳቡ ካልተስማሙ፣ ያመኑትን ያህል በዚሁ ጊዜ ይከፍላሉ። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩ ደግሞ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያዝባቸው ይችላል። በማስጠንቀቂያዎ ላይ ይህን ጠቅሰው ይጻፉት። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

እምቢ ካሉ ክስ የሚቀርበው ለወረዳው ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። «ትንሽ ጠብቅ፣ ርክክቡ ደርሷል» እያሉ 6 ወሩን እንዳያስጨርሱዎት ይጠንቀቁ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ይርጋን አያቆምም። ዕዳውን አምነው በጽሑፍ ከሰጡዎት ግን ይቋረጣል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ሲጠይቁዎት «እሺ፣ ጻፉልኝ» ይበሉ።

ስለ ጓደኞችዎም ጠይቀውኛል። ተመሳሳይ ውል የፈረሙ በአንድ አቤቱታ አብረው መክሰስ ይችላሉ። የእያንዳንዱ ሰው የክፍያ ወረቀትና የተያዘበት ድምር ግን ለየብቻ ተዘርዝሮ ይያያዝ።