ሲፓፕ አድርገን አድረን ጠዋት ለምን ያዞረናል? የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሐኪም አይደለሁም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቆራረጠብኝ፣ ሲፓፕ ማሽን (በማስክ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ) አድርጌ መተኛት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ጥያቄ ላኩልኝ ስላችሁ አብዛኞቻችሁ የጻፋችሁት ስለ ጠዋት ማዞር ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ እትዬ፣ ማሽኑን ከጀመርኩ 3 ሳምንቴ ነው። ማንኮራፋቱ ለቆኛል። ግን ጠዋት ብድግ ስል ግድግዳ ይዤ ነው የምቆመው። ልተወው እንዴ?

አትተወው ወንድሜ። የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለህ? ትንፋሽ በተቆረጠ ቁጥር ሰውነት ይደነግጣል፣ ደም ግፊትም ይወጣል። ማሽኑ ያን ሲያስቆመው ግፊቱ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ኪኒኑ ግን በድሮው መጠን ነው ያለው። እኔን የገጠመኝ ይኸው ነበር። የአልጋዬን ራስጌ ይዤ ዓይኔ እስኪበራ እጠብቅ ነበር። ተኝተህ ተለካ፣ ከዚያ ቆመህ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገመው። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ጽፈህ ለሐኪምህ አሳይ። ኪኒኑን ግን በራስህ አታቁም፣ አደራ። እስከዚያው መጀመሪያ ቁጭ በል፣ እግርህን አንጠልጥለህ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ ተነሳ።

ከአንኮበር፦ እኔን የሚያዞረኝ ስቆም ሳይሆን አልጋ ላይ ስገላበጥ ነው። ቤቱ ይሽከረከራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል።

ይህ የጆሮ ነገር ይመስላል እህቴ። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ከቦታቸው ሲንሸራተቱ እንዲህ ያደርጋል። ማሽኑን አትውቀሺ። ጭንቅላትን በተለያየ አቅጣጫ በማዞር የሚመልሱበት ዘዴ አለ፤ የጆሮ ሐኪም ያውቀዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ የአክስቴ ልጅ ከውጭ የላከልኝ ያገለገለ ማሽን ነው። የኛ ከፍታ ያስቸግረው ይሆን?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ የእኔ ማሽን መመሪያ ግን እስከ 2,591 ሜትር ነው የሚለው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የታዘዘውን ግፊት ለመስጠት የበለጠ መልፋት አለበት። አዳዲሶቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ የቆዩት ላይ ግን ከፍታው በእጅ የሚሞላባቸው አሉ። ከዚህ ይልቅ ያሰጋኝ ግን ያገለገለ መሆኑ ነው፤ የአየሩ ግፊት (በሴንቲ ሜትር ውሃ ሲለካ) ከ4 እስከ 20 ስለሚሄድ የሌላ ሰው ልክ ላንተ ሊበዛ ይችላል። ሲበዛ አንዳንድ ሰው ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከልክ በላይ ያወጣና አንጎል ራሱ መተንፈስን ለአፍታ ይተዋል፤ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ኤኤችአይ የሚለውን ተመልከት። በሰዓት ስንቴ ትንፋሽህ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ይነግርሃል። ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው። ማስኩ ሳያፈስ ቁጥሩ በየቀኑ ከዚያ ካለፈ ልኩን ያዘዘልህ ሰው ጋ ሂድ፤ ራስህ አትነካካው።

አሁንም ከደብረ ብርሃን፦ ሌሊት ቱቦው ውስጥ ውሃ ይንቦጫቦጫል።

ብርዱ ነው! ሞቅ ያለው እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካ ውሃ ይሆናል። እኔ ቱቦውን በአሮጌ የመንዝ ባና ጠቅልዬዋለሁ፣ ማሽኑንም ከራሴ ዝቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፣ ውሃው ወደ አፍንጫዬ ሳይሆን ወደ ማሽኑ ማጠራቀሚያ እንዲመለስ።

ከደብረ ሲና፦ በጾም ይብስብኛል።

ሌሊቱን አፍሽ ደርቆ አድሮ እስከ ቀትር ውሃ ካልቀመስሽ ማዞሩ አይገርምም። ማታ በደንብ ጠጪ። ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ። አረቄ ግን ማታ አይነካ፤ ጉሮሮን ያላላል፣ ትንፋሹን ያባብሳል።

ከሸዋ ሮቢት፦ መብራት ሲጠፋ ማስኩ ያፍነኛል?

አፍንጫና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍነው ማስክ ንፋሱ ሲቆም የሚከፈት ቫልቭ አለው፤ አፍንጫ ብቻ የሚይዘው ከሆነ በአፍህ ትተነፍሳለህ። ከነቃህ ግን አውልቀው። ጠዋት ራስ ምታትና ማዞር ካለ፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ጠይቅ፤ አፕኒያው ተመልሶ አድሮ ይሆናል።

አንድ ነገር ለሁላችሁም፦ ከማዞሩ ጋር አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ አንድ ጎን ከዛለ፣ ደረት ካመመ ወይም ራስን ከሳታችሁ ለእኔ አትጻፉ። ያን ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።