እግር ላይ የወጡ ቀያይ ነጥቦች

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ እግሬ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጥቦች ወጥተውብኛል። አያሳክኩም፤ ቅባት ብቀባም አልጠፉም። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። የደም ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ ቅባቱን ይተዉት። ግልጽ ብርጭቆ ነጥቦቹ ላይ ጫን አድርገው በብርጭቆው ውስጥ ይመልከቱ። ተራ ሽፍታ ሲጫኑት ቅላቱ ይጠፋል፤ ከቆዳ ስር የፈሰሰ ደም ግን ባለበት ይቆያል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነጥቦቹ ስለሚደበቁ ላንቃዎንና የዓይን ቆብዎን ውስጠኛ ክፍልም ይዩ።

በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) የታመሙ ህዋሳት ደም የሚመረትበትን የአጥንት መቅኔ ስለሚያጣብቡ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ይቀንሳል። ጤናማው መጠን በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ፕላትሌት በሌላ ምክንያትም ይወርዳል፤ ብዙዎቹ ምክንያቶች ካንሰር አይደሉም። ድድዎ ስለሚደማ ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ሲቢሲ (የደም ህዋሳት ቆጠራ ምርመራ) ያሠሩ፣ ደሙ በማይክሮስኮፕም ይታይ። እስከዚያ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ መድማቱን ያባብሳሉ። የጡንቻ መርፌ ከታዘዘልዎት መድማትዎን አስቀድመው ይናገሩ።

ትኩሳት ከተጨመረበት በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።