ደመወዝ እያለ ድህነት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

አንድ የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ተጠሪ የአባሎቻቸውን ደመወዝ ለ30 ቀን ቢያካፍሉት ከድህነት መስመሩ (የዓለም ባንክ በነፍስ ወከፍ በቀን 3 ዶላር ከሚለው) በላይ ሆነባቸው። «ታዲያ ድሆች አይደሉም ማለት ነው?» ይላሉ።

አያስብልም። ደመወዝ የሚከፈለው ለሰው ነው፤ ድህነት የሚለካው በቤተሰብ ነው። ጎን ለጎን የሚሰፉ፣ ሁለቱም በወር 6,000 ብር የሚደርሳቸው ሴቶች አሉ እንበል። አንደኛዋ ሦስት ልጆችና እናቷን ብቻዋን ታስተዳድራለች፦ ለአምስት ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ብር። ሁለተኛዋ ልጅ የላትም፣ ባሏ 9,000 ብር ያገኛል፦ በነፍስ ወከፍ 250 ብር። የእርስዎ ስሌት ግን ሁለቱንም 200 ብር ይላቸዋል።

ስለዚህ ለአባሎችዎ መጠይቅ ሲያዘጋጁ በደመወዝ አይጀምሩ። በመጀመሪያ ከአንድ ማዕድ የሚበላውን ሁሉ ይመዝግቡ። ቀጥሎ ቤቱ ባለፉት 7 ቀናት የበላውን በብር ይተምኑ፤ የተገዛውን ብቻ ሳይሆን ከገጠር የተላከውን ጤፍ፣ በዱቤ የመጣውን ዘይት፣ ፋብሪካው የሚያበላውን ምሳ ጭምር። ኪራይ፣ ትራንስፖርትና የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያ ይከተላሉ።

የደመወዝ ማነስ ራሱን የቻለ መለኪያ አለው፦ ከመካከለኛው ደመወዝ (ደመወዞች ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ ከሚውለው) ሁለት ሦስተኛ በታች። ለድርድር ይህኛውን ይያዙ፤ አሠሪው ስለ ልጆቻቸው ብዛት የሚከራከርበት ቀዳዳ አያገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ የደመወዝ ወለል በቁጥር አላስቀመጠም፤ ማስረጃውን ማዘጋጀት የእናንተ ሥራ ነው።

በሳምንት አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሠራተኛ ይባላል ወይ?

በዓለም አቀፉ መለኪያ፣ ለክፍያ ወይም ለትርፍ ከሆነ፣ አዎ።

3 ዶላሩን በባንክ ምንዛሪ ላባዛው?

በፍጹም! ይህ ስህተት ስንት ሪፖርት አበላሽቷል። መስመሩ የ2021 እ.ኤ.አ. የመግዛት አቅምን የሚያነጻጽር ነው፦ አንድ ዶላር አሜሪካ ውስጥ የሚገዛውን እዚህ ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልጋል? በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ የመግዛት አቅም ምጣኔ ያባዙ፣ ከዚያ በዋጋ ግሽበት ወደ ዛሬ ያምጡት። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የሽንኩርትና የዱቄት ዋጋ በዚያው ልክ አልዘለለም።

በአሠሪዎቿ ቤት ተቀምጣ የምትሠራ የቤት ሠራተኛ በየትኛው ቤት ትቆጠር?

በምትበላበትና በምታድርበት። ችግሩም እዚያው ነው፤ የአሠሪዎቿ ወጪ ለእሷም ተካፍሎ «ድሃ አይደለችም» ተብላ ትወጣለች። ደመወዟን፣ ያልተከፈላትን ወርና ለወላጆቿ የምትልከውን ለብቻዋ ጠይቋት፤ አሠሪዋ በሌለችበት።

«የአንድ ፋብሪካ 60 ሠራተኞች ጠይቄ የከተማውን የድህነት አሃዝ ላውጣ?» ላለው ተማሪ፦

የፋብሪካውን እንኳ በጭንቅ ነው። መጠይቁን ከማባዛትህ በፊት የናሙና ባለሙያ አማክር፤ መረጃው አንዴ ከተሰበሰበ የናሙናውን ስህተት ማንም አያቃናልህም።