አርቲቾክ በከሰል

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ ነው። ከሱፐርማርኬት አርቲቾክ ገዝቼ ቅቤ ቀባሁትና በቀጥታ ከሰል ላይ ጣድኩት። ውጪው አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ነው፣ ቤቱም በጭስ ታፈነ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አርቲቾክ ገና ያልፈካ አበባ ነው። ቅጠሉ ድርብርብ ስለሆነ እሳት ብቻውን ውስጡን አያበስለውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይቀቀላል። ጫፉን ቁረጪ፣ ለሁለት ሰንጥቂው፣ እንዳይጠቁር የተቆረጠውን ጎን ወዲያው ሎሚ ቀቢው። ጨው ባለው ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀቅይና ቢላ ግንዱ ላይ ያለችግር ከገባ አውጪው። መሃሉ ላይ ያለውን ፀጉር መሰል ነገር በማንኪያ ፍቀሽ ጣይ፤ እሱ አይበላም። ውሃውን አንጠፍጥፊ፣ ዘይት ቀቢ፣ ነበልባሉ የወረደ ፍም ላይ ደፍተሽ 5 ደቂቃ ያህል ጥበሽው። ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ አድርጊው፣ ቤት ውስጥ አደገኛ ነው።

ቅቤው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የገበታ ቅቤ ውስጥ የወተት ቅሪት አለ፣ ቶሎ የሚያርረውም እሱ ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ በዝግታ አቅልጪ፣ ሁለት ፍንካች የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ቆንጠር ሚጥሚጣ ጨምሪ። የነጠረ ቅቤ እሳት ይችላል፣ ግን ኮረሪማው የአርቲቾኩን ጣዕም ይውጠዋል ባይ ነኝ። በጾም ከሆነ የወይራ ዘይት አለልሽ።

ስትበዪ ቅጠሉን አንድ በአንድ ነቅለሽ፣ ቅቤው ውስጥ ነክረሽ፣ ለስላሳውን በጥርስ ጋጥ ነው። ጠጣሩን አትዋጪ!