መልስ፦ የብሌክ ክራውችን ልብ ወለድ «ዳርክ ማተር» እያነበብሽ መሃል ላይ የትኛው ጄሰን እንደሆነ ለጠፋብሽ

ታሪኩ ውስጥ ከሌላ ትይዩ ዓለም የመጣ ጄሰን ዋናውን ጄሰን አፍኖ ቦታውን ይዞበታል፤ ግርታው ከዚህ ነው። «እኔ» እያለ የሚተርከው ጄሰን ግን ሁሌም ያው አንዱ ነው፤ ዳንኤላን ያገባው፣ ቺካጎ ባለ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምረው፣ የቻርሊ አባት። እሱን ከያዝሽ ግማሹ ግርታ ይለቅሻል። ስለ ዳንኤላ «እሷ» እያለ የሚተርክ ክፍል ሲመጣ ደግሞ ዋናው ቤት ተመልሰናል ማለት ነው፣ አጠገቧ ያለው ባል ግን ሌላኛው ነው።

እያንዳንዱ በር ወደ ሌላ ዓለም የሚያስገባበት ኮሪደር ላይ ነው የቆምኩት ስላልሽ፦

1. አዲስ በር ሲከፈት ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። እዚህ ዓለም ጄሰንና ዳንኤላ ተጋብተዋል? ቻርሊ ተወልዷል?

2. የቀሩትን የመድኃኒት ብልቃጦች ቁጥር አትዝለዪው። ኮሪደሩ የሚታያቸው በዚህ መድኃኒት ስለሆነ እሱ ካለቀ መንገዱም ያልቃል፣ ልብ የሚሰቅለው እሱ ነው።

3. የሚገቡበትን ዓለም የሚወስነው በሩን የሚከፍተው ሰው ውስጡ ያለው ስሜት ነው። ፈርቶ ከከፈተ የሚያስፈራ ነገር ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ጄሰን ሚስቱን አጥርቶ ለማሰብ እንዲያ የሚለፋው፤ ለእኔ መጽሐፉ ከሳይንሱ ይልቅ የፍቅር ታሪክ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። የኳንተሙ ማብራሪያ ካልገባሽ እለፊው፣ ምንም አይጎድልብሽም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ግራ ሲገባሽ ኢንተርኔት ላይ «የትኛው ጄሰን» ብለሽ እንዳትፈልጊ። ሰው መጨረሻውን ያለ ርህራሄ ነው የሚዘረግፈው። በ2024 የወጣውን ተከታታይ ፊልምም መጽሐፉን ሳትጨርሺ አትንኪው፣ ሌላኛው ጄሰን ቤት ውስጥ የሚያደርገውን በሰፊው ስለሚያሳይ የመጽሐፉን ጥርጣሬ ይገድልብሻል።