አጋምን ከዘር ማፍላት፦ ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሐዋሳ ግቢያቸውን በአገር በቀል እሾሃማ ቁጥቋጦ ለማጠር ያሰቡ ሰዎች አጋምን ከዘር ስለ ማፍላት ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ለወራት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት የሚል ምክር አንብቤአለሁ። ይህ ለአጋምም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ያነበቡት ምክር በአውሮፓ ለአጥር ስለሚተከለው ሃውቶርን ስለተባለው ቁጥቋጦ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። የሃውቶርን ፍሬ ዘሩን የሚሸፍን ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ በውስጡ ያለው ፅንስም ለወራት እርጥበትና ብርድ ካላገኘ አይነቃም፤ በመሆኑም በረዶ በሚወርድበት በገዛ አገሩ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በሁለተኛው ዓመት ነው። የአጋም ችግር ተቃራኒው ነው፦ ዘሩ ብርድ አይጠብቅም፤ ነገር ግን በቆየ ቁጥር የመብቀል አቅሙ እየተዳከመ ስለሚሄድ ፍሬው እንደተለቀመ ሳይውል ሳያድር ማዘጋጀትና መዝራት ይገባል። ከገበያ ዕድሜው የማይታወቅ ዘር ከመግዛት ይልቅ ራስዎ እንዲለቅሙ የምመክረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬውን ከለቀምኩ በኋላ ዘሩን እንዴት ላውጣ?

መልስ፦ ቀይ የሆነው ገና ነው፤ ጠቁሮ የለሰለሰውን ብቻ ይምረጡ። ፍሬውን በውኃ ውስጥ በእጅ እያሹ ሥጋውን ከዘሩ ይለዩ፤ የሚንሳፈፈውን ፍሬ አልባ ዘር ከልጣጩ ጋር ይድፉት፤ የቀረውን ደጋግመው ይጠቡ፤ በዘሩ ላይ የቀረ ጣፋጭ ሥጋ ሻጋታና ጉንዳን ይጠራልና። ከዚያ ጥላ ሥር አናፍሰው ይዝሩ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከታቦር ተራራ ግርጌ ጥቁር ፍሬ ለቅመው መጥተው ነበር። አጋም መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሜ ብመልሰው ይሻል ነበር። መረንዝ የተባለው የአጋም ዘመድ ነጭ መዓዛማ አበባና ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ ስላለው በቀላሉ ያሳስታል፤ መርዙ ግን ልብን የሚመታ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ ቀስት ለመቀባት ሲያገለግል ኖሯል። ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ስለሚያወጡ ወተቱ መለያ አይሆንም። የሚለያቸው እሾህ ነው፤ አጋም በቅርንጫፉ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም። እናት ተክሉን በዓይንዎ ካላዩት ፍሬው አይበላም፣ ዘሩም ለግቢ አይዘራም።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን አፈር አሸዋማ ነው፤ ምን ልቀላቅል?

መልስ፦ በሐዋሳ ብዙ ሰፈሮች ያለው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል አፈር ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ይህ ለሥር መልካም ቢሆንም እርጥበት አይዝም። ስለዚህ 3 እጅ አፈር ከ2 እጅ በደንብ ከበሰበሰ ብስባሽ ጋር ይቀላቅሉ፤ አሸዋ የሚጨመረው ጥቁር ሸክላ አፈር ላላቸው ነው። ዘሩን በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ አፈር ሸፍነው ጠዋት ጠዋት በስሱ ያጠጡ። ማታ በብዛት የሚጠጣና አየር የማያገኝ መደብ ቡቃያው ከአንገቱ ቀጥኖና ጠቁሮ እንዲወድቅ ያደርጋል፤ እንደኔ እምነት በጀማሪዎች እጅ ብዙ ችግኝ የሚጠፋው በጥም ሳይሆን በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ግራር፣ ወይራና ቀጋስ?

መልስ፦ የግራር ዘር ውኃ የማያስገባ ቆዳ ስላለው፣ ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውኃ ፈስሶበት እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ወይራ ድንጋይ መሰል ቅርፊቱ ፍሬውን ሳይጎዳ መሰንጠቅ አለበት። ቀጋ የደጋ ተክል ነው፤ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ሐዋሳ አልመርጠውም፤ ሐገረ ሰላም አካባቢ ግን ተስማሚ ነው።

ጥያቄ፦ ችግኙ መቼ ወደ ቦታው ይዛወር?

መልስ፦ አጋም ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ ለዘንድሮ ክረምት ካልደረሰ ለከርሞ ያቆዩት። ከመትከልዎ ጥቂት ሳምንታት በፊት ጥላውን እየቀነሱ፣ ውኃውንም እያራራቁ ያላምዱት፤ ከዚያም ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካረጠበ በኋላ በሐምሌ ይትከሉት። ለአጥር ከሆነ በችግኞቹ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይተዉ። እሾሁ እስኪጠነክር ድረስ ፍየል ስለማይምረው መስመሩን በደረቅ የግራር ቅርንጫፍ ይከልሉት።