እግሬ እየተገተረ እንቅልፍ ነሳኝ

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት መምህርት ስሆን የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ የነርቭ ሕመም እንዳለብኝ ከተነገረኝ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሁለቱም እግሮቼ በተለይ ሌሊትና ንጋት ላይ ይገተራሉ፤ አንዳንዴም ጉልበቴ በድንገት ይታጠፍና ሕመሙ ያስጮኸኛል። ባክሎፌን የተባለ ጡንቻ የሚያላላ ኪኒን 10 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ እየወሰድኩ ደህና ነበርኩ፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ባሰብኝ። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ መድኃኒቱን ትቼ ጸበል እንድገባ፣ ወጌሻም እግሬን እንዲያሸኝ ትፈልጋለች። የመድኃኒቱ መጠን ይጨመርልኝ? ወይስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከእናትዎ ምክር ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። ባክሎፌንን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ግትርነቱ ከበፊቱ ብሶ ከመመለሱም በላይ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቅዠትና የሚጥል መናወጥ ሊያስከትልበት፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ስለሚችል፣ መቆም ቢኖርበት እንኳ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ጸበሉን በተመለከተ እናትዎን የሚያስከፋ ቃል የለኝም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል በአንድነት ሊወሰዱ እንደሚችሉ መናገራቸውን ያስታውሷቸው። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲወርድብዎት ግን እግርዎን ይበልጥ ሊገትረው ስለሚችል፣ ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ደግፎ የሚይዝዎት ሰው ባለበት ቢጠመቁ ይሻላል። በጾም ወራትም የጠዋቱን ኪኒን ወደ ከሰዓት አያሸጋግሩት፤ ባክሎፌን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ የነፍስ አባትዎን ቢያማክሩም የሚከለክሉዎት አይመስለኝም።

ጡንቻ በድንገት ሲለጠጥ መልሶ መኮማተሩ ተፈጥሮው ነው። ይህን በልክ የሚይዘው ከአንጎል በሕብለ ሰረሰር በኩል የሚወርደው ትእዛዝ ስለሆነ፣ ሕመሙ የነርቮቹን ሽፋን ሲጎዳው ጡንቻው ልጓሙ እንደተበጠሰ ፈረስ ይሆናል፤ ትንሽ ነገርም ይቀሰቅሰዋል። ደህና ሰንብተው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲብስብዎት በመጀመሪያ የምጠረጥረው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፤ በእርስዎ ሕመም ስሜት ሊደነዝዝ ስለሚችል ማቃጠል ሳይኖረው የእግር መገተር ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የሆድ ድርቀት፣ የመቀመጫ ቁስል፣ ወደ ሥጋ የገባ የጣት ጥፍር፣ ጠባብ ጫማም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ መጠኑ ይጨመርልኝ ከማለትዎ በፊት ሽንትዎን ያስመርምሩ፣ እግርዎንም አገላብጠው ይዩ። መድኃኒቱ ሲበዛ ድካምና እንቅልፍ ከማምጣቱ ሌላ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ የሚይዝዎት በከፊል ያው ግትርነት ሊሆን ስለሚችል፣ እግርዎ ፈጽሞ ከላላ ሊከዳዎት ይችላል።

ጎረቤቶችዎም ከእውነት አልራቁም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የንጋቱ ብርድ ጡንቻን ይገትራል እንጂ የሕመሙ መነሻ ግን አይደለም። ካልሲና ጋቢ በቂ ናቸው። በጣም የሞቀ ውኃና ከሰል አጠገብ መቀመጥ አልመክርም፤ ሰውነት ሲግል የተጎዳው ነርቭ ይበልጥ ይደክማል፣ የደነዘዘ ቆዳም ሳይታወቅ ይቃጠላል።

ወጌሻው ይቅርብዎ። በኃይልና በፍጥነት መሳብ ጡንቻውን የባሰ ያኮማትረዋል፤ የሚጠቅመው ዝግ ያለ ማሳሳብ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ስለሆነ፣ በሆስፒታሉ ባለሙያ ሲታዩ እናትዎን ይዘው ይሂዱ። ተረከዝዎን በመዳፋቸው ይዘው የእግርዎን ጫፍ ወደ ላይ በቀስታ እየገፉ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ መያዝን ቢማሩ፣ ከመኝታ በፊትና ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ሊያደርጉልዎት ይችላሉ፤ ቁርጭምጭሚቱም ታጥፎ እንዳይቀር ያግዛል።

ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት እምቢ ካለዎት፣ ወይም ከግትርነቱ ጋር አዲስ የእጅ ወይም የእግር መዛል ካዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።